ካፊያ የተባለችው ልጄ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ምሽት እናቴ እስከ በር እንኳ አልሸኘችኝም። «ሰው ባል ተከትሎ ጁባ ይሄዳል?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ግን ሰሎሞን ጠርቶኝ እንዴት እቀራለሁ፤ በሞያሌ ወጥቼ፣ ኬንያንና ኡጋንዳን በአውቶቡስ አቋርጬ፣ በደቡብ ሱዳን ድንበር፣ በኒሙሌ በኩል፣ አቧራ ለብሼ ገባሁ።

ሰሎሞን የውኃ ቦቴ ይነዳ ነበር። የተከራየነው ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነው። እኛ አገር ጋቢ በሚደረብበት ሰዓት እዚህ ሰው አንሶላውን በውኃ ነክሮ ይተኛል። ቢሆንም ማታ ማታ የቦቴውን ድምፅ ስሰማ አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ሰሎሞንን ወባ ወሰደብኝ። ሾፌር ጓደኞቹ ቀበሩልኝ፣ ድንኳን ጣሉ፣ ሠልስቱ እስኪወጣ አብረውኝ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ምን ያድርጉ። በአማርኛ የሚያናግረኝ ሰው ሳላገኝ የምውልበት ቀን በዛ።

ልጄን ስወልድ አጠገቤ የነበረችው አከራዬ ማማ ፖኒ ብቻ ናት። እኔ አረብኛዬ ጥቂት፣ እሷ አማርኛ የላት፤ እጄን ይዛ በራሷ ቋንቋ ስታባብለኝ ነጋ፣ ልጅቷም መጣች። ለእናቴ ስደውልላት ስም አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ማስረሻ በያት አለችኝ። በሐዘን መሀል የተወለደ ልጅ በእኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል፤ ክፉ አስባ አይደለም።

«እማዬ፣ እኔ መርሳት አልፈልግም» አልኳት።

«ሳትረሺ እንዴት ልትኖሪ ነው?»



ማማ ፖኒ ደግሞ እዚህ አገር ልጁን በዝናብ ስም የሚጠራ ሰው ብዙ መሆኑን ነገረችኝና፣ ስትወለድ ደጁ ምን ይመስል እንደነበር አስቢ አለችኝ። የጁባ ዝናብ ድንገት እንደ ባልዲ ይገለበጣል፤ ሰሎሞን በር ላይ ቆሞ ያየውና «ይሄ ጠብ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም፣ የአገሬ ካፊያ ናፈቀኝ» ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ቀስ ብሎ፣ ቆርቆሮውን ሳይደበድብ፣ ሲያካፋ አረፈደ። ካፊያ አልኳት።

ልደቷን ላስመዘግብ ስሄድ ጸሐፊው ስሟን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በእነሱ አረብኛ «ኪፋያ» ማለት «ይበቃል» ነው።

«ሐበሻ፣ ገና አንድ ወልደሽ ይበቃል አልሽ?» አለኝ።

ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሰሎሞን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ግን አባትየው ራሱ መጥቶ ይፈርም አለኝ። መሞቱን ነገርኩት። «ማሌሽ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያም ፊደል በፊደል እየጠየቀ ካፊያ ሰሎሞን ብሎ ጻፈልኝ።

እናቴ እስከ ዛሬ በስሟ አልጠራቻትም። ስንደዋወል «ልጅቷ እንዴት አደረች?» ነው የምትለው። ባለፈው እሑድ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ልጄ ጆሮ ላይ አደረግሁት። እናቴ ትንፋሿን ሰማች።

«አንቺ፣ አባትሽን ትመስያለሽ አሉ» አለቻት።

ከዚያ ድምፅዋ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን ለቅሶ አላወቅሁም። መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም።