የታችኛው ገንዳ ልክ

ከጅዳ ስመለስ አብረውኝ የመጡት ሴቶች ሻንጣ ብርድ ልብስ፣ ሽቶና የልጆች ጫማ ነበረው። የእኔ ሻንጣ ጨው ነበረው። ሁለት ከረጢት የባሕር ውኃ መሥሪያ ጨው፣ በካልሲ የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ፓምፕ፣ መስታወት የሚያጣብቅ ሲሊኮን፣ የውኃን ጨውነት የምታሳይ አንዲት የብርጭቆ መለኪያ። እናቴ ከረጢቱን ፈትታ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

"ጨው?" አለች። "ስድስት ዓመት ቆይተሽ ለሰቆጣ ጨው ይዘሽ መጣሽ?"

እውነቷን ነው። የእኛ ገበያ እኮ ከአፋር በግመል የሚመጣ አሞሌ ሲራገፍበት የኖረ ገበያ ነው። ወሬው በሳምንቱ ጎረቤት ከተማ ጽጽቃ ሳይደርስ የቀረ አይመስለኝም። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ "ወጣችን ጨው አነሰው፣ ትንሽ ብትቆነጥሪልን" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ሲስቁብኝ እልህ ይይዘኛል። እነሱ በሳቁ ቁጥር ልሠራው ያሰብሁትን የዓሣ ገንዳ በዐይነ ሕሊናዬ አንድ ክንድ አስረዝመው ነበር።

ምክንያቴ ልጄ ነበረች። ጥያት ስሄድ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ሳትወለድ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀርቷል፤ ስለዚህ ለእናቴ ሰጥቻት ሄድሁ። አፏን ስትፈታ በቀጠሮ ስልክ ቤት እየተወሰደች ታናግረኝ ጀመር። ማናገር ከተባለ። ለማታውቂው ሰው ምን ይወራል? ትንፋሿን ብቻ እየሰማሁ ብሬ ያልቃል። አንድ ቀን ጭንቅ ሲለኝ በምሠራበት ቤት ሳሎን ስላለው ዓሣ አወራኋት። ብርቱካንማ ነው፣ ነጭ ቀለበት አለው፣ መስታወት ውስጥ በባሕር ውኃ ይኖራል አልኋት። "ምን ይበላል?" አለችኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነበር። ከዚያ ወዲያ በስልክ ያወራነው ሁሉ ስለዚያ ዓሣ ነው። አመጣልሻለሁ ብዬም ቃል ገባሁ፤ በስልክ ቃል መግባት ቀላል ነው።

ስመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቴን "እማ" ትላለች፤ እኔን እንደ ጎረቤት ሴት "እትዬ" አለችኝ። ልስማት ስል ክትባት እንደሚወጋ ልጅ ዐይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ከእናቴ ጋር በኽምጣኛ ታንሾካሹካለች፤ እኔም አፌን የፈታሁት በዚያው ቋንቋ መሆኑን የነገራት የለም። አንድ ጠዋት "መቼ ነው የምትሄደው?" ስትላት ሰማሁ። መኖሬ የከበዳት መሰለኝ። በዚያን ቀን ነው፣ የሆነው ይሁን፣ ይህን ዓሣ አምጥቼ ልጄን እመልሳለሁ ያልሁት።

የጨው ውኃ ዓሣ ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት መስታወትና ውኃ ነው። ሥራው ያለው ከታች ነው። በጅዳው ቤት እንግዳ ሁሉ ሳሎን ገብቶ የላይኛውን ገንዳ ያደንቃል፤ ከሥሩ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀውን ሁለተኛ ገንዳ የማውቀው ግን እኔ ነበርሁ፣ ስፖንጁን የማጥበው እኔ ነኛ። ከላይ የተትረፈረፈው ውኃ በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው ገንዳ ሦስት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያው ስፖንጁ ጉድፉን ይይዛል፣ በሁለተኛው ድንጋይና አሸዋ ላይ ያደሩ የማይታዩ ነፍሳት የቀረውን ቆሻሻ ይበሉታል፣ ከሦስተኛው ፓምፑ የጠራውን ወደ ላይ ይመልሳል። የውኃውን ጨው የሚያስተካክለው ግን በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ነበር። እሱ ሲሠራ እኔ ሻይ አቀርባለሁ። የማላውቀው ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ሰቆጣ ከደረስሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ዕቅዴን ሣልሁ። ትልቁ ጭንቀቴ መብራት ነበር። በጅዳ መብራት ጠፍቶ አያውቅም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሲመጣ ነው የሚገርመን። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የላዩ ውኃ ግን ከቱቦው አፍ በታች እስኪሆን ድረስ መውረዱን አይተውም። ስለዚህ የታችኛው ገንዳ ያንን ሁሉ የሚቀበል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቁመቱ ሁለት ስንዝር ይሁን፣ ውኃው ግን ከአንድ ስንዝር ብዙም አይለፍ ብዬ ጻፍሁ። እናቴ ጠላ ጠማቂ ናት፤ ይህን ብቻ ወዲያው ተረዳችኝ። "ጋንስ አፉ ድረስ ይሞላል እንዴ?" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ለላይኛው ገንዳ የሚሆን ወፍራም መስታወት ልገዛ ወልዲያ ስወርድ፣ የታችኛውን እንድታሠራልኝ እናቴን መስኮት ከሚሠሩት አዛውንት አናጢ ዘንድ ላክኋት። ስመለስ ደርሶ ጠበቀኝ። ከመጣደፌ የተነሣ ልኩን እንኳ አላየሁም። የላይኛውን ገንዳ መስታወት በሲሊኮን አጣብቄ፣ ቱቦውን አገናኝቼ፣ ለሙከራ ጨው የሌለው ውኃ ሞላሁ። ፓምፑ ሠራ። ውኃው ይወርዳል፣ ይወጣል። ልጄ መደቡ ላይ ሆና የማታይ መስላ ታያለች። ኩራቴ አይጣል ነው። "አሁን ደግሞ መብራት ጠፋ እንበል" ብዬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልሁ።

ወረደ። የታችኛው ገንዳ ሞላ፣ አፉን አለፈ፣ በእበት በተለቀለቀው ወለል ላይ ተለቀቀ። እናቴ የማሽላውን ጆንያ ታቅፋ ወደ በር ሮጠች። እኔ ባገኘሁት ጣሳ ውኃ ከወለሉ እጨልፋለሁ፣ ከውኃው ይልቅ ጭቃው ይመጣል።

ጨቅይቼ አናጢው ዘንድ ሄድሁ፤ ክፉ ቃል እንዳልናገር እየታገልሁ "አባቴ፣ ሁለት ስንዝር አላልሁም? ይህ እኮ አጥሯል" አልኋቸው። እሳቸውም ተረጋግተው ቤታችን ድረስ መጡ፤ ገንዳውን አዩ፣ ወለሉን አዩ።

"ልጄ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" አሉ። "እናትሽ እጇን ዘረጋችልኝ፣ እኔ በገመድ ያዝሁ። ሁለት ስንዝር ነው። የማን ስንዝር እንደሆነ አልነገራችሁኝም።"

እናቴን እጇን አስዘረጋኋትና የእኔን አጠገቡ ዘረጋሁ። እናቴ ትንሽ ሴት ናት። በአንድ ስንዝር ጣት ተኩል ታንሰኛለች፤ በሁለቱ ሦስት ጣት። ያ ሦስት ጣት ነው ወለላችንን ያጠበው። ስድስት ዓመት በሊትርና በሴንቲሜትር ስታነብ የኖረች ሴት፣ አገሯ ስትገባ በስንዝር ዕቅድ ጻፈች። ከመደቡ ላይ ሳቅ ሰማሁ። ልጄ ነበረች። ዞር ስል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል።

የታችኛው ገንዳ እንደገና በእኔ ስንዝር ተሠራ፣ ገመዱ ቢነቀልም አልፈሰሰም። ጨዉን በጠበጥሁና ውኃው ያለ ዓሣ አንድ ወር እንዲቆይ ተውሁት፤ ያ የጅዳው ሰው ነፍሳቱ መጀመሪያ መልመድ አለባቸው ሲል ሰምቼው ነበር። ሁለት ዓሣ እንዲልክልኝ በጅቡቲ መስመር ከሚነዳ ዘመዳችን ጋር ተነጋግሬያለሁ። በመካከሉ የደጋው ንፋስ ውኃውን ያጎድለዋል። ባጎደለ ቁጥር ጨው በጥብጬ እሞላለሁ፤ መለኪያዋ ደግሞ በየቀኑ ወደ ላይ ትወጣብኛለች። ግራ ገብቶኝ ስቆም እናቴ ከምድጃው ሆና ታየኛለች።

"ወጥ ሲመጥ ጨው ትጨምሪበታለሽ?"

"ውኃ ነው እንጂ።"

"ታዲያ?" አለች። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ የትም አይሄድም። ማንበብ የማትችል እናቴ ያወቀችውን እኔ በመለኪያ ስፈልገው ሰነበትሁ። አፈርሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዕቅዱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ታነባለች፤ ለእሷ እንዲሆን በትልልቁ ጻፍሁት። ውኃው ሲጎድል ጨው የሌለው ውኃ መጨመር፣ በታችኛው መስታወት ላይ ካለው ምልክት ሁለት ጣት እስኪቀረው። ስፖንጁ በሳምንት አንዴ። መብራት ከጠፋ በጣሳ ከታች እየቀዱ ወደ ላይ ማፍሰስ። ላስተምራት ስጠራት ግን የቤት ሥራ አለብኝ ትላለች። ሌላ ቀን ስጠራት ሆዴን አመመኝ ትላለች። ሦስተኛ ጊዜ ስጠራት በሩን ከፍታ ወጣች። ሆዴ ባሰው። ባሕር ድረስ የተጓዝሁት ለማን ብዬ ነው?

አሁን የምናገረውን ያን ጊዜ ለማንም አልነገርሁም። ያመጣሁት ገንዘብ እያለቀ ነበር። ቤይሩት የሚልክ ደላላ አነጋግሮኝ እሺም እምቢም ሳልለው ቆይቻለሁ። ፓስፖርቴ ከሣጥኑ ሥር ነበር፤ እናቴ ገበያ ስትወጣ እያወጣሁ ቀኑ እንዳላለፈ አያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስፖንጅ እያጠብሁ ነበር። "ዛሬ እንኳ ነይና እይ" አልኋት፤ ቁጣ ነበረው ድምፄ። መጣች። ወደ ገንዳው ግን አልሄደችም፤ ከወረቀቱ ፊት ቆመችና የላይኛውን መስመር፣ ርእሱን፣ ጮክ ብላ አነበበች።

"እኔ በማልኖርበት ጊዜ የሚሠራ።"

እኔው የጻፍሁት ነው። ስጽፈው አንዳች ነገር አልመሰለኝም ነበር።

"ያኔ ስትሄጂም ለእማ እንዲህ ነግረሻታል" አለች፣ እያየችኝ ሳይሆን ወረቀቱን እያየች። "ሲያመኝ ምን እንደምትሰጠኝ። ስተኛ ምን እንደምታለብሰኝ። እማ ነግራኛለች። ሁሉንም ነግረሻት ስትጨርሺ ሄድሽ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "እኔ ካወቅሁት ትሄጃለሽ።"

ስፖንጁን አስቀመጥሁ። መቼ ነው የምትሄደው ማለቷ እንድሄድላት መስሎኝ ስንት ቀን ተቀይሜያት ነበር። ልዋሻት እችል ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ግን ከሣጥኑ ሥር ያለውን እሷ ሳታየው ዐውቃዋለች።

"ልሄድ አስቤ ነበር" አልኋት።

"አሁንስ?"

"አሁን አልሄድም።"

አላመነችኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም። የሽንኩርት ቢላዋውን አምጥቼ የወረቀቱን ራስጌ ከነርእሱ ቆርጬ ጣልሁት፤ እሷ ቆማ አየችኝና ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ከሦስት ይሁን ከአራት ቀን በኋላ ከጓሮ ስገባ ገንዳው አጠገብ ጣሳ ይዛ ቆማለች። ውኃው ጎድሎ ነበር። ዓሣ እንኳ ገና አልነበረበትም።

"እዚህ ሁለት ጣት ይላል" አለች።

"አዎ፣ ሁለት ጣት።"

"በማን ጣት?"

ወለላችንን ያጥለቀለቀው ሦስት ጣት ትዝ አለኝ። ይህንንም ሳልጽፈው ቀርቻለሁ። "በእኔ" አልኋት።

"እንግዲያው ነይ ለኪ" ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከተላኩት ሁለት ዓሣዎች አንዱ መንገድ ላይ ሞተ፤ ሌላው እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ኖረ። ፓስፖርቴ ከሣጥኑ ሥር ሆኖ ጊዜው አለፈበት። ልጄ በአፏ እትዬ ማለቷን ለብዙ ጊዜ አልተወችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አለኝ። "ሁለት ጣት" ከሚለው አጠገብ፣ በሁለተኛ ክፍል ልጅ የእርሳስ ጽሑፍ፣ "በእናቴ" ይላል።