ያልተጠራችው የአኻያው ሥር እንግዳ

የማዘጋጃ ቤቱን ዘበኛ ኤሚልየን ፋርግን የሚያስቆጡት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ሐሙስ ጠዋት አደባባዩ ላይ ቆሞ የሚገኝ መኪናና በሥራው የሚቀልድ ሰው። በትንሿ የፈረንሳይ ከተማ በሞንብራክ ሁለቱም አይጠፉም። ሐሙስ የገበያ ቀን ነውና ሮብ ማታ አደባባዩ ከመኪና መጽዳት አለበት። ኤሚልየን ጎህ ሳይቀድ ጠመኔውን ይዞ ይወጣና የእያንዳንዱን ነጋዴ ቦታ መሬቱ ላይ ያሰምራል። የተረሳ መኪና ካገኘ የባለቤቱን በር እስኪከፈት ድረስ ይደበድባል። የከንቲባውን ወንድም በሌሊት ልብሱ አስወጥቶ መኪናውን ያስነሣ ሰው ነው። "ሕግ ሕግ ነው" ይላል፤ "አይብ በመኪና ጣራ ላይ አይቸረቸርም።"

በሌሎቹ ቀናት ሥራው በከተማዋ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ያለውን መስክ መጠበቅ ነው። አልጋና ምድጃ በሆዳቸው ይዘው አገር ላገር የሚዞሩ መኪኖች እዚያ ያርፋሉ። ውሃ የሚቀዱበትን ያሳያቸዋል፤ ዳቦ ቤቱ መቼ እንደሚከፈት ይነግራቸዋል፤ ከሁለት ሌሊት በላይ ማደር እንደማይፈቀድ ያስታውሳቸዋል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከመስኩ ፊት ለፊት ነው። እናቱ ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት በር ከእህቱ ከዦዜት በቀር ሰው ገብቶ አያውቅም።

አርሜል ወደ መስኩ የመጣችው የወይን ለቀማ ሊጀመር ሲል ነው። ከሩቅ፣ ከባሕሩ ዳር አውራጃ ከብሬታኝ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ኤሚልየን ከአኻያው ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለ ሊመራት ሲዘጋጅ፣ ያንን የሚያህል መኪና በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስገብታ አቆመችው። እሱ እጁን የሚያሳርፍበት አጣ።

"ጨረሱ ሙሴ?" አለችው አንገቷን በመስኮት አውጥታ። "ወይስ ገና አውሮፕላን የሚያሳርፉት አለ?"

ኤሚልየን ሳቀ። ከእናቱ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልምልበትም። ማታ ታጣፊ ጠረጴዛዋን ዘርግታ አንድ ብርጭቆ ወይን ቀዳችለት፤ በማግስቱም ቀዳችለት። የሁለት ሌሊቱ ሕግ አለፈ፤ ሳምንቱም አለፈ። ወይኑ ተለቅሞ እስኪያልቅ ቆየች፤ ሕግ አክባሪው ኤሚልየን ቀን መቁጠር እንደማያውቅ ሰው ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መጣች። እሷ ልትመጣ ስትል ኤሚልየን አሮጌ ሰማያዊ መኪናውን አውጥቶ አኻያው ሥር ያቆማታል፤ ቦታው እንዳይያዝ ነው። ካፌው በረንዳ ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ። "መኪናይቱ ወጣች፤ እንግዲህ ሴትዮዋ ደረሰች" ይላሉ። ኤሚልየን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል፤ ጆሮው ግን ይቀላል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በዚያ አገር ወግ የጠጣ ያጠጣል። አንድ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ካስቀመጠህ አንተም በተራህ ቤትህ ትጠራዋለህ። ካልጠራኸው ወይ ንቀኸዋል፣ ወይ አትፈልገውም ማለት ነው፤ ሦስተኛ ትርጉም የለውም። ኤሚልየን ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የአርሜልን ወይን ስንት መስከረም ሲጠጣ፣ ሳቋን ሲሰማ፣ ወደ ቤቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ግቢ አላላትም። በምትኩ ቲማቲም ያመጣል፤ እንቁላል ያመጣል፤ ከእህቱ መደብ አይብ ያመጣል። ሁሉንም በእጁ ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ይወስድላታል፤ እሷን ግን ወደራሱ አያሻግራትም።

"የሾርባዎ ሽታ እስከዚህ ይመጣል" አለችው አንድ ማታ። "ምንድን ነው የሚጨምሩበት?"

"ተራ ነገር ነው። ጎመን፣ ድንች።"

"ተራ ነገር እንዲህ አይሸትም።"

ከዚህ በላይ ሴት ልጅ ምን ትበል? እሱ ግን ስለ ጎመን አተካከል ነገራት። የዚያን ማታ ብዙ ስለ ጎመን ተወራ።

ነገሩ ንቀት አልነበረም፤ አልጋ ነው። እናቱ መራመድ ሲሳናቸው የብረት አልጋቸውን ከፎቅ አውርዶ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ዘረጋላቸው። አንድ ሐሙስ እሱ አደባባዩ ላይ መኪና ሲያስነሣ እናቱ ብቻቸውን እዚያው አልጋ ላይ አረፉ። ከዚያ ወዲያ አልጋውን አልነካውም። ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ነው። እሱም ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ፣ ቆሞ ይበላል። እንግዳ የሚቀመጠው ወጥ ቤት ነው፤ ሌላ ክፍልማ ማን ያሞቃል? "አልጋውን ላውጣና እጠራታለሁ" ይል ነበር በልቡ። ነገ ዛሬ እያለ መኸሩ ያልቅና አርሜል ወደ አገሯ ትነዳለች።

እህቱ ዦዜት፣ ሐሙስ ሐሙስ አይብ የምትሸጠው፣ ምላሷ ከአይቧ ቢላ ይበልጥ የተሳለ ሴት ናት። "አንተ ሰውዬ፣ ለሴትዮዋ መኪና ነው ጥላ የፈለግህላት!" ትለው ነበር። "እሷን የት ልታኖራት ነው?"

"ተይኝ ዦዜት።"

"ተውኩህ። ሌላው ግን አይተዋትም።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኤሚልየን ዝምታ ግን ነቅዟል፤ እሱ ብቻ አላየውም።

አንድ መስከረም ተራራው ላይ ሲዘንብ ሰነበተና ወንዙ አፉን ከፈተ። ውሃው መስኩን መላስ ሲጀምር ኤሚልየን ቡትስ ጫማውን ተጫምቶ በየመኪናው እያንኳኳ ሰዉን ሁሉ አስወጣ። መጨረሻ ላይ አርሜል ብቻ ቀረች። ሞተሯን አስነሥታ፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ ከመንገዱ ማዶ የእሱን ግቢ በር እያየች ጠየቀችው።

"እኔስ ወዴት ልሂድ ኤሚልየን?"

ግቢው ሰፊ ነው፤ የእሷን መኪና የሚያህሉ ሁለት ይይዛል። ግን መኪናዋ ግቢ ከገባች እሷ ልብሷን ለማድረቅ ወጥ ቤት ትገባለች፤ ወጥ ቤት ከገባች አልጋውን ታያለች። ዝናቡ ከባርኔጣው እየወረደ በአንገቱ ሲገባ ኤሚልየን ቆሞ አሰበ። አስቦ አስቦ የመጣለት ይህ ነው።

"አደባባዩ እስከ ሮብ ማታ ክፍት ነው።"

"እሺ ሙሴ ፋርግ" አለችው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እንደዚያ፣ እንደማታውቀው ሰው በማዕረግ ጠርታው አታውቅም ነበር።

ሮብ ማታ መስኩ ገና ኩሬ ነው። ኤሚልየን መኪናዋን በራሷ ታነሣዋለች፣ ወይም ዝናቡ ያባራል፣ ወይም አንድ ነገር ይሆናል እያለ ቤቱ ተቀመጠ። ምንም አልሆነም። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጠመኔውን ይዞ ሲወጣ መኪናዋ ያው እንደቆመች ናት፤ የቆመችውም በማር ሻጩ በሴቨራን መደብ ላይ ነው። ሴቨራን የማር ሣጥኖቹን አውርዶ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ቆሟል። ሌሎቹ ነጋዴዎችም ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። ዦዜትም አለች።

"ለዚችኛዋም ሕግ አለ?" አለ ከወዲያ አንድ ድምፅ። "ወይስ የአኻያው ሥር ሕግ ሌላ ነው?"

ሰዉ ሳቀ። እዚህ ላይ ነው ኤሚልየን የተሳሳተው። ስሙን ለማዳን ብሎ ልቡን ጣለ። የከንቲባውን ወንድም በር ባንኳኳበት እጅ የአርሜልን በር አንኳኳ።

"ማዳም፣ መኪናዎን ያንሡ። የገበያ ቀን ነው።"

በሩን ከፈተች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ትከሻዋ ላይ ሹራብ ጣል አድርጋለች። የተሰበሰበውን ሰው አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

"መስኩ ውሃ ነው። ወዴት ላንሣው?"

"እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ቀፈፈው። ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ይህ ሁሉ ሰው እያየ እንዴት ይመልሰው? ያን ጊዜ ሴቨራን አንድ እግሩን የማር ሣጥን ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"እኔ ኮረብታው ላይ ነኝ ማዳም፤ ግቢዬ ደረቅ ነው። ይሄን ማር ደርድሬ እንደጨረስኩ ላሳይዎ። ከትናንት የተረፈ ሾርባም አለ። ለንቦቹ ጠባይ ግን ዋስ አልሆንም።"

አርሜል ሳቀች። መኪናዋን አስነሥታ በአንድ ጊዜ ከዚያ ጠባብ ቦታ ወጣች፤ እሱም ባዶው ቦታ ላይ ተንበርክኮ የሴቨራንን መደብ በጠመኔ አሰመረ።

ውሃው ሲጎድል ትመለሳለች ብሎ ነበር። መስኩ እንደደረቀ ሰማያዊ መኪናውን አኻያው ሥር አቆማት፤ ቅጠሉ ረግፎ ጣራዋን እስኪሸፍነው ድረስ ቆየች። አርሜል በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ሲገባም ወደ ብሬታኝ አልተመለሰችም። ጸደይ ላይ ሽርጥ አስራ ከማሩ መደብ ኋላ ብቅ አለች። በጋው ላይ ከሴቨራን ጋር ተጋቡ። ኤሚልየን በየሐሙሱ ቦታቸውን ያሰምርላቸዋል፤ እሷም "እንደምን አደሩ ሙሴ ፋርግ" ትለዋለች፤ በደግ ፊት ነው የምትለው። ደግነቱ ነው የሚያቃጥለው።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለችው ዦዜት፣ አንድ ቀን ካፌው ውስጥ ብርጭቆውን ትክ ብሎ ሲያይ አግኝታው። ወዲያው አሳዘናትና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። "ወንድሜ፣ ምነው አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ።"

በሚቀጥለው መኸር አርሜል ምሳ ጠራችው። "እሑድ ይምጡ፤ ሴቨራንም ደስ ይለዋል" አለችው። ሄደ። ምግቡን በላ፤ ስለ ንቦች ሰማ፤ ሴቨራን ቀልደኛ ነውና ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ሰውዬውን መጥላት እንኳ አልተቻለውም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያ የአገሩ ወግ ገፋውና ሳያስበው ተናገረ፦ "የሚመጣው እሑድ ደግሞ እኔ ቤት።"

እሑድ ጠዋት ዦዜት መፍቻ ይዛ መጣች። መፍቻውም አላስፈለገም፤ ብሎኖቹ ላልተው ስለነበር በእጅ ተፈቱ። ወንድምና እህት አልጋውን ክፍል በክፍል አውጥተው ጓሮ ካለው መጋዘን አስገቡት። ምድጃው ላይ የተጣደው ውሃ ገና አልፈላም ነበር።

"በቃ?" አለች ዦዜት፣ እጇን እያራገፈች።

"በቃ" አለ ኤሚልየን። ከዚያ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። እህቱ ጎመን ትከትፍ ጀመር።

እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ሴቨራን ግቢው ውስጥ ያሉትን የፕሪም ዛፎች ካላየሁ ብሎ ከዦዜት ጋር ውጭ ቀረ፤ አርሜል ብቻዋን ወጥ ቤት ገባች። መሐል ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። መስኮቱን፣ ምድጃውን፣ የተደረደሩትን ሳህኖች ሁሉ አየች።

"እንዴት ደስ የሚል ቤት ነው" አለች። "እኔ እኮ የሚያሳፍር ነገር አለው ብዬ ነበር።" ዓይኗ ወለሉ ላይ አረፈ፤ ጣውላው ላይ አራት የብረት እግሮች ያተሙት ምልክት አለ። "እዚህ ምን ነበር?"

"የእናቴ አልጋ።"

"መቼ አወጡት?"

"ዛሬ ጠዋት።"

አርሜል ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከውጭ ሴቨራን ሲስቅ ይሰማል።

"ለዚህ ነበር?" አለችው።

"ለዚህ ነበር።"

"ያን ሁሉ ዓመት?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ኤሚልየን" አለችው፤ በስሙ። "ጠርተውኝ ቢሆን እኮ አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልዎ ነበር።"

በሩ ተከፍቶ ሴቨራን ገባ፤ ረሃብ ሊገድለኝ ነው እያለ። ኤሚልየን ወደ ምድጃው ዞረና ዓይኑን በእጁ ጠረገ። ሾርባውን ቀዳ፤ መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለባሏ። አርሜል ቀምሳ ተራ ነገር አይደለም አለች፤ ሁለቴም አስጨመረች።