ትዊስት ጨፈረ የተባለው አጎቴ

ሰሞኑን በራዲዮ አንድ ያረጀ ዘፋኝ ስለ ወጣትነቱ ሲጠየቅ ሰማሁ። ዘፋኝ ያልኩት ለወጉ ነው። ጠያቂው "ወርቃማው ዘመን" ይላል፣ እሱም ቃሉን እንደ ከረሜላ እየመጠጠ ይደግመዋል። ጊታሩ ወርቅ፣ ፀጉሩ ወርቅ፣ ቂጥ ላይ የተጣበቀው ሱሪ ሳይቀር ወርቅ ነበር። ከዚያ ሳቅ ብሎ እንዲህ አለ፦ "የካ አንድ ሰርግ ላይ ስንጫወት ጋቢ የለበሱ የባላገር ሽማግሌ ሳይቀሩ ተነሥተው ከእኔ ጋር ትዊስት ጨፍረዋል። ሙዚቃ ማለት ይኼ ነው።" ጠያቂው አብሮት ተንከተከተ።

እኚያ ሽማግሌ አጎቴ ናቸው። አልጨፈሩም።

ሰርጉ የእህቴ ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ግርጌ ነው። አባቴ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ጭቃ በጉልበቱ በሆነበት ክረምት እንኳ ከረቫቱን አይፈታም። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይኖሩ ነበር። የአንድ ገበሬ ልጆች ናቸው። ሲገናኙ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱ ነበር፤ ማለቴ፣ መነጋገር ሳይተዉ በፊት። እናታቸው ስትሞት የተወችውን የባሕር ዛፍ ድንበር እዚህ ነው፣ የለም እዚያ ነው ተባባሉና ተኳረፉ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ ለማገዶ በሚሸጥ ግንድ ምክንያት፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በር በተለያየ ሰዓት የሚገቡ ሆኑ። ያን ጊዜም እንዲህ ዓይነት ኩራት ያንገሸግሸኝ ነበር፣ አሁንም ያንገሸግሸኛል።

ወንድሜ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እሱን የያዘው የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። አስፋልቱ ዳር ሱቅ የነበራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን መብራትም ራዲዮም ስለነበራቸው፣ ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒያቸው ላይ ተደፍቶ አስመራ የጦር ሰፈራቸው ያሉት አሜሪካኖች ከጣቢያቸው የሚያሰሙትን ዘፈን ያዳምጣል። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ደንበኛ እየከለለባቸውም ዝም ይሉታል። ከዚያ እየሮጠ መጥቶ ዓለም መለወጡን ያበሥረናል። መጀመሪያ ወገቡን እያወዛወዘ የሚዘፍን አሜሪካዊ ተነሣና ዓለም ተለወጠ። ቀጥሎ ትዊስት መጣና እንደገና ተለወጠ። ፀጉራቸውን ግንባራቸው ላይ የደፉ አራት እንግሊዞች ተነሡ፣ ሴቶች ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁላቸዋል ተባለ፣ አሁንማ በቃ፣ የዓለም ነገር አበቃለት። አንድ ቀን ደግሞ፣ ተራ ጊታር ይዞ ሲያዜም የኖረ አሜሪካዊ ድንገት ኤሌክትሪክ ጊታር ሰካና ሕዝቡ ጮኸበት፣ አለን። ወንድሜ የተናደደው በሕዝቡ ነው። "ኋላ ቀሮች" ይላቸዋል፣ አሜሪካኖቹን፣ እኛ ገና ውሃ ከምንጭ በምንቀዳበት ግቢ ተቀምጦ።

"ታሪክ እየተሠራ ነው" ይለኝ ነበር። ታሪክ የሚሠራበትን ነጭ ሸሚዝ የማጥበው ግን እኔ ነበርኩ።

ከብጤዎቹ ጋር ባንድ አቋቋሙ። ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ የተደፈጠጠ ሳክስፎን ነበራቸው። በእኛ ግቢ መብራት ስላልነበረ ሲለማመዱ ጊታሩ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ነበር ድምፁ። እነሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይናጡ ነበር። ዘፋኙ፣ ይኸው ሰሞኑን በራዲዮ የሰማሁት፣ ፀጉሩን በቫዝሊን አስተኝቶ በእንግሊዝኛ ይዘፍናል፤ እንግሊዝኛ ከተባለ። እኔ በክፍሌ በእንግሊዝኛ የሚቀድመኝ አልነበረምና አንዱን ስንኝ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ዋናው ፊሊንጉ ነው" አለኝ።

ባዶነቱን ያን ቀን ነው የለካሁት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን የሚያስለውጥ ነገር አላየሁም።

እህቴ ስትታጭ ያሳሰባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷና አጎቷ በአንድ ዳስ ተቀምጠው እንዲመርቋት። በሌላው ነገር ሁሉ ለስላሳ ናት፤ በዚህ ግን ድርቅ አለች። እኔን አስከትላ ዳገቱን ወጣች። አጎቴ እንጨት እየፈለጡ አገኘናቸው። እግራቸው ላይ ወደቀች።

"ጋሼ፣ ካልመጡልኝ ሰርግ አይደለም" አለቻቸው።

አንሥተው አቀፏት። በኋላ እንዲህ አሉ፦ "እመጣለሁ። ፊት ለፊት ቆሜ ግን አላናግረውም፤ አልችልበትም። ለአባትሽ የምለው አለ፤ በግጥም እሰጠዋለሁ። አዝማሪው ይቀበለኛል፣ እሱም በሰው ፊት ይሰማዋል። ያን ጊዜ ይነሣና ይስመኛል፣ ካልተነሣም እኔ የድርሻዬን ብያለሁ። እስከዚያ ግን ለእሱም ለማንም እንዳትነግሪ።"

የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ አፍ ለአፍ ማለት ያቃተውን በአዝማሪ አፍ ይለዋል። "ተቀበል" ብሎ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው እየደገመ ለሕዝብ ያሰማል፣ የተባለለት ሰውም አልሰማሁም ሊል አይችልም። ስንቱ ኩርፊያ በዚያ በኩል አልቋል። እህቴ ዳገቱን ስትወርድ ክንፍ ያላት ይመስል ነበር።

ቤት ስንደርስ ወንድሜ በሰፈራችን ሰርግ ላይ የሚጫወተውን አዝማሪ እንዳይመጣ ነግሮት ጠበቀን። ሙሽራው የቢሮ ሰው ነው፣ ሰርጉ ዘመናዊ መሆን አለበት፣ ባንዱ ይጫወታል፣ አለ። አባቴም ዘመናዊ የተባለ ነገር ደስ ይለዋልና ተስማምቶ ነበር።

"አዝማሪውም ይምጣ፤ አንድ ጥግ ይቀመጣል" አለችው እህቴ።

"አንቺ ደግሞ። ማሲንቆና ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ዳስ ውስጥ? ሰው ይስቅብናል።"

ምክንያቷን እንዳትነግረው የአጎቴ አደራ አለባት። ተመልሳ ላይ ወጣችና ለአጎቴ ነገረቻቸው፤ አዝማሪ የለም፣ ጊታር የሚመቱ ልጆች ናቸው። አጎቴ አልደነገጡም። "ዘፋኝ ያው ዘፋኝ ነው ልጄ። መሣሪያ ይዞ ሰርግ ቤት የቆመ ሰው ግጥም ሲሰጡት ይቀበላል" አሉ። በዕድሜያቸው ሁሉ ግጥም የማይቀበል ዘፋኝ አይተው አያውቁም፤ እንዲህ ያለ ፍጡር ሊኖር እንደሚችልም አላሰቡም።

የሰርጉ ዕለት ወንድሜ ከባለ ሱቁ ቤት በአጥር ላይ ሽቦ ዘርግቶ መብራቱን ዳሱ ውስጥ አስገባ። ድምፅ ማጉያ የሚሉት ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ቄጠማው ላይ ተቀመጠ። ሲጀምሩ ልጅ የያዙ እናቶች ወደ ጓሮ ሸሹ፤ አሮጊቶቹ በነጠላቸው ጆሯቸውን ሸፈኑ። ወጣቶቹ ደግሞ ሲጋራ በእግሩ እንደሚያጠፋ ሰው ጫማቸውን መሬት ላይ እያሹ ወገባቸውን ማዞር ጀመሩ። ትዊስት ይኸው ነው እንግዲህ። የሙሽራው ወገን ተደንቆ ያያል፣ አባቴ ከረቫቱን እያስተካከለ የገባው ይመስል ራሱን ይነቀንቃል።

አጎቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው መጡ። ከአባቴ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ አልተያዩም። ጠላውን ከንፈራቸው ላይ ነካ አድርገው አስቀመጡት። እህቴ ከሙሽራው አጠገብ ሆና በዓይነ ርግቧ ውስጥ እሳቸውን ብቻ ታይ ነበር፤ እኔም እሷን።

ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ባንዱ ፊት ቆሙ። ዱላውን ከፍ አድርገው "ተቀበል" አሉ። ወጉን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ነገሩ ገብቷቸው አንገታቸውን አቀኑ። አባቴ መጠጡን አስቀምጦ አየ፤ ከተቀመጠበት የሚታየው ግን ጀርባቸው ብቻ ነበር። አጎቴ አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግጥማቸውን ሰጡ። ከድምፅ ማጉያው ጩኸት የተነሣ አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ ማንም አልሰማም። ዘፋኙ እየሳቀ ራሱን ነቀነቀላቸውና እንግሊዝኛውን ቀጠለ። አጎቴ ጠጋ ብለው እንደገና ሰጡት። ተቀበል እያሉት ነው፤ የሚቀበለው ግን የለም። ወንድሜ ከበሮውን እየመታ ጥርሱን ይገልጣል።

ከዚያ ያ ደደብ ዘፋኝ፣ ሽማግሌው ለጭፈራ የመጡ መሰለው። ማይክሮፎኑን ትቶ እጃቸውን ያዘና ያሽከረክራቸው ጀመር። ዱላቸው ወደቀ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ እግራቸው ውስጥ ገባ፤ እንዳይወድቁ ሲንገዳገዱ እየጨፈሩ መሰለ። ዳሱ በእልልታና በጭብጨባ ቀለጠ። የሚያስጠላኝ ሳቅ ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን ሳቅ ግን የሚያስጠላኝ የለም። እጃቸውን መንጭቀው አስለቀቁ፣ ዱላቸውን አነሡ፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ሙሽራ ከመቀመጫዋ አትነሣም። እህቴ በዓይኗ ላከችኝ፤ ሮጥኩ። ዳገቱ ላይ ደረስኩባቸው።

"ጋሼ፣ ለእኔ ይንገሩኝ፤ ለአባባ እኔ አደርስልዎታለሁ" አልኳቸው።

ቆም ብለው ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀውን ቄጠማ አራገፉ። "በሰው ፊት የሚባል ነገር መንገድ ላይ አይባልም ልጄ። ዛሬ መሳቂያ ሆኛለሁ፤ ሊታረቀኝ ብሎ ነው መሳቂያ የሆነው እንዲል ደግሞ አልፈልግም። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። በኪዳነ ምሕረት።" አስማሉኝ። ለእህቴም ያንኑ ላኩባት።

ማታ ዘመድ ሁሉ ሲሄድ አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ተቀምጦ ነበር። "ወንድሜ የልጄ ሰርግ ላይ መጥቶ፣ እኔን እግዜር ይስጥህ ሳይለኝ፣ ጨፍሮብኝ ሄደ" አለ። እኔ በመሐላዬ ታስሬ ምላሴን ነከስኩ። ወንድሜ ግን ምንም አልታሰረም፤ "ቆንጆ ነው የጨፈሩት አባባ" አለው። ዕውቀት እንዲህ ነው የሚያደርገው እንግዲህ፤ ውቅያኖስ ማዶ ማን ምን ሰካ የሚለውን ያወቀ ልጅ፣ አጠገቡ ቆሞ ተቀበለኝ ያለውን ሰው አላየም።

አባቴ ከዚያ በኋላ የአጎቴ ስም ሲነሣ ከክፍሉ ይወጣ ነበር። እህቴ ስትወልድ ለክርስትናው አንዱን ብትጠራ ሌላው ይቀራል፤ ሁለቱንም ሳትጠራ ቀረች። በቀጣዩ ክረምት አባቴ ሳንባውን ታመመ፣ ጥቂት ሰነበተና አረፈ። እስከ መጨረሻው የሚያውቀው ወንድሙ እንደ ጨፈረበት ነው።

ለቅሶው ግቢያችን ውስጥ በተተከለ ድንኳን ሆነ። ሙሾ አውራጇ ትላለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ወንድሜና ብጤዎቹ ለቅሶን ገና አላዘመኑትም ነበርና ማንም የፈለገውን ብሎ ይሰማለት ነበር። አጎቴ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው በዝናቡ ገቡ። አስከሬኑ አጠገብ ቆመው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። "ተቀበሉኝ" አሉ፤ ሁሉም ዝም አለ።

ድንበሩን አፍርሰው፣ ዛፉንም ውሰደው፣
የእናቴን ልጅ እንጂ መች ዛፍ ነው የምወደው።

እህቴ ክንዴን ጨብጣ ጥፍሯን ቀበረችብኝ። ለሞተ ሰው ዛፍ ውሰድ አይባልም፤ ለሰርጉ የተሰናዳው ግጥም ይኸው እንደነበር ሁለታችንም ገባን። ሴቶቹ አንዲት ቃል ሳይጥሉ ተቀበሉት፤ እያለቀሱ ደጋገሙት። ባለ ሱቁ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው ሰሙት፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው፣ ወንድሜም ሰማው። አባቴ ብቻ አልሰማም።