መርማሪው ዲማ የገባ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም፤ ከሁሉ አብልጬ የጠረጠርኩት ግን እናቴን ነበር። ለዚህ ተጠያቂዋ ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ ላይ ዕድሜያቸውን ያረሱ፣ ኋላ ጋምቤላ ከተማ ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሴት።

ያኔ በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ብቻ ነው፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ሙቀቱም የማይቻል ስለነበር እኛን ልጆቹን አያስገቡንም። ቀን ብቻቸውን ያዩና ሲመሽ ደጅ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትንኙ እንዲሸሽ ፍሙ ላይ የኒም ቅጠል ጣል አድርገው፣ ያዩትን ይተርኩልናል። ድራማው የፖሊስ ነው፤ የውጭ አገር ሆኖ በአማርኛ የሚናገር። እሳቸው ግን መርማሪውን በባጃጅ አሳፍረው በባሮ ድልድይ ያሻግሩታል። እኔና ጓደኛዬ አሪየት ስንት ቀን ድልድዩ ላይ ቆመን ጠብቀነዋል!

ታሪኩ ከሆስፒታል ስለተሰረቀች ሕፃን ነበር። አንዲት ሴት ወስዳ እንደ ልጇ ታሳድጋታለች፣ መርማሪው ይከታተላታል። «እናት ነኝ ያለች ሁሉ እናት እንዳትመስላችሁ» ይላሉ እማማ ጥሩነሽ፣ ጭሱን በእጃቸው እየገፉ። «የእርግዝና ፎቶ የላትም። የት ወለድሽ ሲሏት ደግሞ ትቆጣለች።»

ወይ ጉድ! የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች። ነርስ ናት፤ ወርቅ የሚቆፈርበት ዲማ ስትሠራ እንደወለደችኝ ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አላውቅም። አባቴን ስጠይቃት «የለም» ብላ ትዘጋዋለች። ጆሮዬ እንኳ የእሷን አይመስልም። ስትተኛ ፊቷን አጠና ጀመር፤ ስታቅፈኝ እንደ ድንጋይ እደርቅባታለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «የት ነው የወለድሽኝ?» አልኳት።

«አርፈሽ ብዪ!» አለች ጮክ ብላ።

ተቆጣች። በቃ፣ ተሰርቄያለሁ አልኩ። የሆነ ቦታ እያለቀሰች የምትፈልገኝ እናት አለችኝ ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሰሞን መብራት ድርግም ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። እማማ ጥሩነሽ ግን ትረካቸውን አላቋረጡም። አንድ ምሽት እናቴ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ በራችን ላይ ቆማ ስታዳምጥ፣ መርማሪው ዲማ ገባና ሴትዮዋን አገኛት።

«አልሰረቅኳትም አለችው» አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ ዓይናቸውን ከፍሙ ሳይነቅሉ። «እናቷ ወርቅ ፍለጋ የመጣች፣ ሰው የሌላት ሴት ነበረች፤ በወሊድ እጄ ላይ ሞተች። የእኔ ናት የሚል ዘመድ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ማንም አልመጣም። እጮኛዬ ከእኔና ከእሷ ምረጪ ሲለኝ፣ እሷን ታቅፌ በዚያ ክረምት በጭነት መኪና ወጣሁ፣ አለችው። እሱም ሳያስራት ተመለሰ።»

ልጆቹ እፎይ አሉ። እኔ ግን «እማማ፣ መብራት ሳይኖር ይሄን የት አዩት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው እናቴን አዩ። አፏን በእጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። ስደርቅባት አስተውላ ኖሯል፤ በራሷ አፍ ልትነግረኝ አቅቷት እሳቸውን እንደለመነቻቸው ያኔውኑ ገባኝ።

ካደግሁ በኋላ ድራማውን ዳር እስከ ዳር አየሁት፤ እዚያ ሴትዮዋ በካቴና ትወሰዳለች፣ ልጅቷም ዞራ አታያትም። እኔም ያን ምሽት ልቤ አላመነም ነበር። የሞተችው ማን ትባላለች? እውነት ዘመድ ጠፍቶ ነው? ምስክሩስ ማን ነው? አጎበሩ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቻት ተኝቼ፣ የትኛውን ላስቀድም ስል ቆየሁና «እማዬ» አልኳት።

«ወዬ፣ ልጄ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እሷን ስጠረጥር እሷ ደግሞ የእኔን አንዲት ጥያቄ ስትፈራ መኖሯን ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ዞሬ አንገቷን አቀፍኳት።