የሳህን ተራ

ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤታችን ወንድና ሴት ቆሞ ማውራት ክልክል ነበር። በአንድ ክፍል እንማራለን፣ በአንድ አዳራሽ እንጸልያለን፤ ግቢ ውስጥ ሁለት ቃል ከተለዋወጥን ግን የሴቶች መኝታ ቤት ኃላፊዋ ከየት መጡ ሳይባል ከች ይላሉ። የማይቆጡን አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው የሳህን ማጠቢያ ገንዳ። ሥራ ነዋ። በደንባችን ሁሉም ተማሪ በተራው አትክልት ይኮተኩታል፣ ሳህን ያጥባል፤ ወንድ ነው ሴት ነው አይባልም።

ወንዶቹ ከሳህን ለማምለጥ የማያመጡት ሰበብ አልነበረም። ሁሉንም ሆዱን የሚቆርጠው ከምሳ በኋላ ነው። አንድ የዝዋይ ልጅ ግን የአትክልት ተራውን እየሰጠ የሳህን ተራ ይለምን ነበር። እሱ ያጥባል፣ እኔ አለቀልቃለሁ። የዳይሬክተሩን ረጅም ጸሎት አስመስሎ ሲጸልይ ሳቅ ያፍነኝና ሳህኑ ከእጄ ያመልጣል። ወድጄው ነበር። ማን ደፍሮ ይናገር? እሱም ምንም አላለኝም፤ ግን ሳሙና ውስጥ የሚነከረው ለሳህን ፍቅር ብሎ እንዳልሆነ አላጣሁትም።

አንድ ቅዳሜ አባቱ ዓሣ በቅርጫት ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ዘበኛው ክፋት ሳያስብ ወደ ጓሮ አመለከታቸው። ልጃቸውን ሽርጥ አገልድሞ፣ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ሆኖ፣ ከሴት ልጅ፣ ከእኔ ጎን ሲስቅ አዩት። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡ። ልጁ ሳቁን ዋጠ። ዳይሬክተሩ ሮጠው መጥተው ጌታ ራሱ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ሊያስረዱ ሞከሩ።

"እግር ይጠብ፣ ምን ቸገረኝ" አሉ አባትየው። "ሳህን ግን የሴት ነው። የላክሁት እንዲማር ነው።"

የዚያኑ ዕለት ይዘውት ሄዱ። ፍራሹን ተሸክሞ በበሩ ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ። ኃላፊዋ አጠገቤ ስለነበሩ እጄን እንኳ ሳላነሳለት ቀረሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዓሣውን ማታ ጠብሰው አቀረቡልን፤ ሌሎቹ ተሻሙበት፣ እኔ አልነካሁትም።

ከዚያ ወዲያ አብሮኝ የሚያጥበው ሌላ ልጅ ሆነ። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገ? ግን ምንም ቢያወራ ይሰለቸኝ ነበር። የጭነት መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር በሩን አያለሁ፤ አባቱ ልባቸው ራርቶ መልሰው ያመጡት ይሆናል እያልኩ።

ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነበር። የተማሪ መታወቂያ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ ያልፉታል፤ ትምህርት ያቋረጠውን ግን ካገኙበት ያፍሱታል። እሱንም ከዝዋይ ገበያ አፈሱት። ወደ ሰሜን ተወሰደ ሲባል ሰማን፤ ሌላ ወሬ አልመጣም።

ዓመቱ ሳይሞላ አባቱ ብቻቸውን መጡ። ዳይሬክተሩን አልፈለጉም፣ ቀጥታ ወደ ገንዳው መጡ። አልዋሽም፣ ቂም ይዤባቸው ነበር። እንደዚያ ከስተው ሳያቸው ግን እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሰላም አልኳቸው።

"ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "አብረሽው የነበርሽው አንቺ አይደለሽ? ያን ቀን ምን ብለሽው ነው እንደዚያ የሳቀው?"

"እኔ ምንም አላልኩትም፣ አባባ። የሚያስቀን እሱ ነው። ሁልጊዜም እሱ ነው።"

የዳይሬክተሩን ጸሎት እንዴት ያስመስል እንደነበር ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሰሙኝ።

"ቤት ከመለስኩት በኋላ አንድ ቀን አልሳቀም" አሉ። "ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ እሱንም እኔው አቋረጥኩት። የሳቁ ድምፅ ከጆሮዬ ጠፋብኝ። እስቲ እንዴት ነበር የሚስቀው?"

ላሳያቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ለቅሶ ነው።