የሚያጉረመርመው የኤርሲዶ ጊታር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጠዋት ስምንት ብሎን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና ተቆጡኝ። አሠሪዬ ጋሽ ክፍሌ ነበሩ። ቤተሰባቸው ከጉራጌ መጥቶ ሆሳዕና የከተመ፣ ከመናኸሪያው በታች ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር የሚጠግኑ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ተመርቄ የመጣሁ የሀያ ዓመት የሀዲያ ልጅ፣ ሂጃቤን ሸብ አድርጌ ካቻቪቴ የጨበጥኩ። በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ ያየኝ ነበር።

የመጣው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ዝዝዝ ይላል ተብሎ። ጋሽ ክፍሌ ወጣ እንዳሉ ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ሆዱን ከፈትኩት። ሲመለሱ ብሎኖቹን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ምን አገኘሽ?»

«ገና እየፈለግኩ ነው።»

«ድምፁን ሰምተሽዋል?»

አልሰማሁትም።

«ራስ ሳይጠና ጉተና! በይ ግጠሚው።»

ገጠምኩት። ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙትና «ሳትነኪው ስሚ» አሉኝ። አጉረመረመ። «አሁን መዳፍሽን ክሮቹ ላይ አሳርፊ።» አሳረፍኩ። ጭጭ! ወላሂ ጮህኩ። እጄን አነሳሁ፤ ዝዝዝ። መለስኩት፤ ጭጭ። እንደ ሕፃን አሥር ጊዜ ያህል አነሳሁና መለስኩት። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራት እንኳ በቅጡ አልበላሁም፤ ደስታ አጥግቦኝ ነበር።

ከጊታር ሆድ ውስጥ አንድ ቀጭን ሽቦ ይወጣና ክሮቹ ካረፉበት ብረት ሥር ይገባል። ክሮቹን በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር የሚያገናኛቸው እሱ ነው፤ እኛ የመሬት ሽቦ እንለዋለን። ክሩን ስትነካው ጩኸቱ ከቀነሰ ሽቦው ደህና ነው፤ ጩኸቱ ከውጭ እየገባ ነው። ነክተኸው ምንም ካልተለወጠ ሽቦው ተቆርጧል። ጭራሽ ከባሰ ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ላይ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል። ይህን ለማወቅ አንድም ብሎን አይፈታም። ጋሽ ክፍሌ ያስተማሩኝ ይህንን ነው፤ ዛሬም በዚሁ እሠራለሁ።

ጋሽ ክፍሌ ሲደክሙ ሱቁን ለእኔ ለቀቁልኝ። ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከቦኖሻ ጊታር ይመጣልኝ ጀመር። የሠርግ ባንድ ያመጣል፤ የመዘምራን ቡድን ያመጣል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ መዝሙሩን አልዘምርም፤ ግን የስንቱን ዘማሪ ጊታር እንደሰማሁ አላህ ነው የሚያውቀው።

አንዱ ዘማሪ ጊታሩ እኔ ሱቅ ጨዋ፣ አዳራሽ ሲገባ ባለጌ ሆነበት። አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። ከራሱ በላይ ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል አለ። «ዙር» አልኩት። ዞረ። ወደ ግድግዳው ሲዞር ጩኸቱ ጠፋ! «አገኘሁት! እንደዚህ ሆነህ ተጫወት» ብዬ በደስታ ዘለልኩ። የመዘምራኑ መሪ ግን ፊታቸውን ቋጠሩ። «እህት ዘይነብ፣ ጀርባውን ለምእመኑ ሰጥቶ ነው የሚያገለግለው?» አምፖሉን አስቀየርናቸው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጊታር ቅርርር እያለ ሁለት ቀን አሰቃየኝ። ቮልዩሙን አጸዳሁ፤ ጃኩን ቀየርኩ፤ ሊድ አቅልጬ ሽቦዎቹን በሙሉ እንደገና በየድኩ። በመጨረሻ ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ ክሩን ስመታው ያለ ኤሌክትሪክም ቅርርር አለ። ለካ የክር መወጠሪያው ብሎን ላልቶ ነው! በሁለት ጣቴ አጠበቅሁት፤ አለቀ። ለባለቤቱ ይህን ስነግረው ከሳቁ ብዛት ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ወደ ኤርሲዶ ልምጣ።

ኤርሲዶ እየዘፈነ ጊታር የሚመታ የሠርግ ባንድ ልጅ ነው። አንድ ሐሙስ ጊታሩን እንደ ታመመ ሰው አቅፎ ገባ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

«እትዬ፣ መለሰ ቁርጡን ነግሮኛል» አለኝ። መለሰ የባንዱ መሪ ነው። «ቅዳሜ ሀቢቾ ሠርግ አለን። ያ ጩኸት ከተሰማ ጊታር ከባንዱ ይወጣል፤ ኦርጋኑ የጊታርም ድምፅ አለው ብሎኛል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ከጊታሩ ጋር ነኛ።»

ዐይኑ ቀላ። ኦርጋን የጊታር ድምፅ አለው መባሉ እኔን አናደደኝ፤ እስቲ የትኛው ኦርጋን ነው ክር የሚጎትተው?

ለካ ኬብል ቀይሯል። ፒክአፕ የሚባለውን፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘውን ዕቃ አስቀይሯል። ሁለት ጠጋኞች ጋ ሄዷል። እኔ ጋ ለመምጣት ለምን እንደዘገየ ብጠይቀው የጊታሩን ማንገቻ ይነካካ ጀመር፤ እኔም ተቀየምኩ። ተቀይሜም ስለነዚያ ጠጋኞች አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ። «ክሩን ሳይነኩ ፒክአፕ የሚቀይር ሰው ጠጋኝ ይባላል?» አልኩ።

አገናኘሁት። ዝዝዝ። መዳፌን አሳረፍኩ። ዝዝዝ፤ ምንም ለውጥ የለም። ደስ አለኝ! «የመሬት ሽቦው ተቆርጧል! ሩብ ሰዓት ስጠኝ» ብዬ ሆዱን ከፈትኩ።

ሽቦው በእርግጥ ተቆርጧል። ግን አልተበጠሰም፤ በፒንሳ ጥርት ተደርጎ ነው የተቆረጠው። ጫፉ ደግሞ ምንም እንዳይነካ በእስክሪብቶ ቀለም ቀፎ ቁራጭ ተሸፍኗል። ሌላው ጠጋኝ በፕላስተር ይጠቀልላል። ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆራርጦ ሽቦ የሚያለብስ በሆሳዕና ከእኔ ሌላ አላውቅም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ፊቴ ጋለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የሠርግ ወር ላይ፣ ሱቁ በሰው ታጭቆ ሳለ ኤርሲዶ መጥቶ «ከንፈሬን ነዘረኝ» ብሎኝ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። እኛ ጋ ብዙ ቤት የተዘረጋው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ወደ መሬት የሚወርድ ሦስተኛ የለውም። ከአምፕሊፋየሩ የሚያፈተልክ ትንሽ ኤሌክትሪክ መሄጃ ስለሌለው በክሮቹ ይመጣል። ማይኩ ደግሞ ከሌላ ሶኬት በሚሠራ፣ ሚክሰር በሚባል የድምፅ ማቀላቀያ ላይ ነው። ጣት ክሩ ላይ፣ ከንፈር ማይኩ ላይ፤ ኤሌክትሪኩ በሰውዬው ያልፋል። ለዚህ ነው የሠርግ ዘፋኞቻችን ማይኩን ካልሲ የሚያለብሱት። እኔም ቸኩዬ፣ ኤሌክትሪኩ ክሮቹ ጋ እንዳይደርስ የመሬት ሽቦውን ቀጭ አድርጌ ቆረጥኩና «በቃ፣ ተገላገልክ» ብዬ ሸኘሁት።

ዝም ብዬ በይጄ ብሰጠው ማን ያውቃል? ይህን አሰብኩ፤ አልዋሽም። ግን ነገርኩት።

«ኤርሲዶ፣ ይህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አፍጥጦ አየኝ። «እርስዎ?»

«እኔ። ነዘረኝ ባልከኝ ጊዜ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ? እትዬ፣ ሚስቴ እኮ ቤት ስለማመድ ‹ያንን የንብ ቀፎ ወደ ውጭ አውጣው› ነው የምትለኝ!» ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። ተመለሰ። «ታዲያ ቀጥሉዋ!»

«ብቀጥለው መልሶ ይነዝርሃል።»

«ካልቀጠሉት ደግሞ እባረራለሁ።»

ሁለታችንም ጊታሩን አየነው። «ቅዳሜ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። አፌ ነው ቀድሞ የተናገረው፤ ግን እውነትም ልቤ ከኋላው እየሮጠ ነበር።

ሽቦውን በየድኩ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የብረት ዘንግ፣ አሥራ አምስት ሜትር ሽቦና የመሬት መስመር ያለው የሶኬት ማከፋፈያ ይዤ ከኤርሲዶ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ዘንጉን አይቶ «ሴትዮ፣ ጦርነት ነው እንዴ?» አለኝ። «ሠርግ ነው፤ ከዚህ ይብሳል» አልኩት።

ሀቢቾ ስንደርስ ዳሱ ተተክሏል፤ ባንዱ ዕቃውን ዘርግቷል። መለሰ ከኦርጋን ተጫዋቹ አጠገብ ቆሞ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ጠጋኝ ይዞ መጣ? ሙሽራው ስምንት ሰዓት ይገባል» አለ። አምፕሊፋየሩን ከፍቼ አየሁ። የተላጠ ሽቦ የለም፤ ግን ኤሌክትሪክ የምፈትሽበትን ቴስተሬን አካሉ ላይ ሳሳርፍ አምፖሏ ፈዘዝ ብላ በራች። የሚያፈተልከው ጥቂት ነው፤ መውረጃ መሬት ካገኘ ይሄድልኛል።

ግን ወሩ ጥር ነው። ግቢው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ደረቅ መሬት ደግሞ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። እርጥብ የሆነው ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰት ማሳ ብቻ ነው። ኤርሲዶ ዘንጉን ነጥቆኝ ሊሮጥ ሲል ያዝኩት። እንሰት የሴት ነው፤ የቤቱ እመቤት ሳትፈቅድ ወንድ ገብቶ አይቆፍርም፤ ያውም በልጇ ሠርግ ቀን!

እማማ አበበችን፣ የሙሽራዋን እናት፣ ከሥጋው ድስት አጠገብ አገኘኋቸው። በሀድይኛ «አማ» ብዬ ጀመርኩ፤ ነገሩን አስረዳሁ።

«ብረት ብቻ ነው የምትተክዪው?»

«ብረትና ትንሽ የጨው ውሃ።» ጨው መሬቱን ያግዘዋል፤ እኛ እንደዚያ ነው የለመድነው።

ጭልፋቸውን አነሱብኝ። «ጨው? እንሰቴን ልትገድዪ ነው የመጣሽው? የሰባት ዓመት እንሰት ነው! ለዘፋኝ ብዬ ቆጮ ላጣ?»

«ይቅርታ አማ፣ ጨው ይቅር!»

አፍጥጠው አዩኝና ኤርሲዶን አዩት። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። «ይኼ ነው የሚባረረው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። እጄን ይዘው ከማሳው ዳር ወሰዱኝና የልብስ እጥበት ውሃ የሚደፋበትን ቦታ አሳዩኝ። ጭቃ! የሚያምር፣ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ጭቃ! አቅፌ ሳምኳቸው። ዘንጉን በመዶሻ ቀጥቅጬ እስከ አንገቱ አስገባሁት፤ ሽቦ አሰርኩለትና ከማከፋፈያው የመሬት መስመር ጋር አገናኘሁት። አምፕሊፋየሩንም ሚክሰሩንም በዚያው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካሁ። ቴስተሬን ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ፤ አልበራችም።

ኤርሲዶ ጊታሩን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ማይኩ ካልሲውን ለብሶ ቆሟል። አውልቄ ጣልኩት። ኤርሲዶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጁ ፈርቷል፤ እውነቱን ነው፤ ባለፈው «ተገላገልክ» ያልኩትን አምኖ ነው እዚህ የደረሰው።

«ስጠኝ» አልኩት። ጊታሩን ተቀብዬ ክሮቹን በመዳፌ ጨበጥኩ። «ቢስሚላህ» ብዬ በሌላው እጄ ማይኩን ያዝኩ። ምንም የለም! ሞቅ ያለ ብረት ብቻ ነው። «ና! ና ያዘው!» ብዬ ጮህኩ፤ በማይኩ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ። ዳሱ በሳቅ ፈነዳ።

ኤርሲዶ ጊታሩን ወሰደ። እጁን ክሩ ላይ አሳረፈና ከንፈሩን ወደ ማይኩ አስጠጋ። አልተንቀሳቀሰም። እንባው ዱብ አለ። መለሰ ከኦርጋኑ በኩል ጮኸ፤

«አምፕሊፋየሩን ለምን አላበራችሁትም?»

«በርቷል» አልኩ።

«አልበራም፤ ዝም ብሏል እኮ!»

መጥቶ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ጠመዘዘው። አሁንም ዝም አለ። ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ደገነ። ኤርሲዶ ያኔ ክሩን መታ። መለሰ ዘሎ የኦርጋኑ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ዶሮዎቹ ከግቢው ተበተኑ፤ እማማ አበበች ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው እልል አሉ። ኤርሲዶ አላቆመም። አጥብቆ መታ፤ ቀስ ብሎ ጎተተ፤ ደግሞ ድንገት መዳፉን አሳርፎ ሲያቆመው ዝምታው እንደ ውሃ ጠራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላገኘው ዝምታ ነው። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

መለሰ ከወንበሩ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። ለኦርጋን ተጫዋቹ «አንተ የጊታሩን ድምፅ አጥፋ፤ ባለቤቱ መጥቷል» አለው።

በዚህ ሥራ የያዝኩት ትምህርት ይህ ነው። ነዘረኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው የመሬት ሽቦ አይቆረጥም፤ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚያፈተልክ ይፈለጋል፣ መውረጃም ይሰጠዋል። ጩኸት ስትፈልጉ ደግሞ የራሳችሁን ብየዳ ከሌላው ሰው ብየዳ አስቀድማችሁ ክፈቱ። ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ካገኛችሁት ባለቤቱ ሳይሄድ ንገሩት።