ከበሩ እስከ ፍሙ

ልጅ ሳለሁ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለው የአያቴ ቤት፣ ተረት የሚሰማው እንደየማዕረጉ ተቀምጦ ነበር። የአገራችን ብርድ አጥንት ስለሚገባ የት እንደምትቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ጀማሪው ነፋስ በሚያስገባው በር ሥር ይቀመጣል፤ በር ጠባቂ ይባላል። የትናንቱን ተረት ሳይዘል መልሶ የተናገረ ወደ መሐል ገብቶ ጭራሮ አቀባይ ይሆናል። የመጨረሻው ፍም ቆስቋሽ ነው፤ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ረመጥ ውስጥ ከበሰለው ድንች የመጀመሪያውን ይበላል። እዚያ ለመድረስ ግን አንድ በር ጠባቂ አስተምረህ አያቴ ፊት ማስናገር ነበረብህ።

ያኔ እኔ ተረቱን ሁሉ እንደ ውኃ ጠጥቼው ነበር። ታናሽ ወንድሜን ይሁኔን ያዝኩና በሳተ ቁጥር እየቆነጠጥኩ አስጠናሁት። ቀኑ ደርሶ፣ ጭሱ ዓይኑን እያስነባው፣ በኩራዙ ብርሃን እኔን እኔን እያየ ተርበተበተና አህያዋ ጅቡን በላችው ብሎ ጨረሰ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አያቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «ተረቱ መች ገባው፤ የገባው ቁንጥጫሽ ነው» አሉና ወደ ጭራሮዬ መለሱኝ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ በአራት እግሬ እየዳህኩ አህያ፣ እሱ ጅብ ሆነን ስንጫወት ከረምን፤ ከዚያ አያቴ ፊት ሲናገር አንዲት ቃል አልሳተም። ያን ድንች አፌን እያቃጠለኝ በላሁት። ለይሁኔም ግማሹን ሰጠሁት፤ ትንሹን ግማሽ።

ዘንድሮ እንጅባራ የምትማረው የልጄ ልጅ ቤዛ፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ አስራ መጣች። እስካውት ገብታለች። መጀመሪያ ቃል ኪዳኑን በቃል ይዘው ሻርፑን ያገኛሉ፤ ከዚያ አንዳንድ ሙያ እየቻሉ ኮከብ በኮከብ ላይ ይጨምራሉ። ሁለት ኮከብ አላት። ሦስተኛውን የምታገኘው የገመድ ቋጠሮ ለማያውቅ ሰው አስተምራ፣ ተማሪው መሪያቸው ፊት ሲቋጥር ነው። ተማሪ አድርጋ የመረጠችው እኔን።

ተቆጣሁ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ብሆንም ዕድሜዬን ሙሉ ሸክም ስጠፍር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቋጠሮ አታውቅም ብሎ ማን ነገራት? የራሴን ቋጥሬ አሳየኋት። ጠንካራ ነው፣ ግን የእስካውቶቹ ቋጠሮ አይደለም አለች። የእነሱን ስሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ጠዋት ያልኩትን ማታ እረሳዋለሁ፤ መሪያቸው ፊት የምቋጥርበት ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነው። ብሳሳት ኮከቧ መቅረቱ ነው። እኔ ብሆን ቆንጥጬ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና ገመዱን ተረት አደረገችው።

«እማማ፣ ቀኙ ግራውን ሊጠይቅ ሄደ፤ በላዩ አልፎ በሥሩ ወጣ። በማግስቱ ግራውም ብድሩን ሊመልስ ሄደ፤ እሱም በላዩ አልፎ በሥሩ ወጣ። ከዚያ ተቃቅፈው ቀሩ።»

ቅዳሜ በባጃጅ ወደ እንጅባራ ወረድኩ። በልጆቹ መሐል ቆሜ፣ ተረቱን በሆዴ እያልኩ ቋጠርኩ። መሪያቸው፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ ገመዱን በሁለት እጇ ሳበችው። አልተፈታም። ኮከቡን ቤዛ ደረት ላይ ስትሰካላት፣ እኔ ለራሴ የተሰካ ያህል ደረቴን ነፋሁ።

አያቴ ከነገሩን ተረት ብዙው ጠፍቶብኛል። ያልጠፋብኝ ከበሩ እስከ ፍሙ ያለው መንገድ ነው፤ ለካ ሌላውን ይዘህ ካልሆነ አይዘለቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ቤዛ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ቅቅል ድንች አንድ አስገዛችኝ። ለሁለት ገመሰችው፤ ግራና ቀኙን አየችና ትልቁን ግማሽ ለእኔ ሰጠችኝ።